የጀናዛ አጣቢዋ የሙሚና ደም

በከሚሴ እስላም ሴት ከሞተች መጀመሪያ የምትጠራው ሙሚና ነበረች። ከፈን ገዢውም፣ መቃብር ቆፋሪዎቹም፣ ሼሁም ሳይቀሩ ከእሷ ኋላ ይደርሳሉ። ሬሳ የምታጥብበትን የቁርቁራ ቅጠሏን በጉያዋ ይዛ ትመጣና ወንዶቹን ሁሉ ከቤት አስወጥታ በሩን ትዘጋለች። ከዚያ ድምፅዋ ይሰማል። ከሟቿ ጋር ታወራ ነበር። «እስቲ ዙሪልኝ፤ ክንድሽን ወዲህ፤ አብሽሪ፣ ጨረስን» ትላለች፣ ሕፃን እንደምታጥብ ሴት። ደጅ የተቀመጡት ለቀስተኞች ይህን ሲሰሙ ግማሾቹ ያለቅሳሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ ሳቃቸውን በሻሻቸው ይሸፍናሉ።

መተዳደሪያዋ ግን ይህ አልነበረም። ጨው ቸርቻሪ ነበረች። የአፋር ግመሎች ሰንበቴ ገበያ የሚያራግፉትን ጨው ተቀብላ ከሚሴ ላይ በጣሳ ትሸጣለች። ሬሳ ማጠቡ ለአላህ ነው፤ ለዚያ ሥራ ውለታ ልመልስ የሚላትን ሰው ትቆጣዋለች። ቁጣዋ ደግሞ የዋዛ አልነበረም። ጣሳሽ ጎድሏል ያለቻትን አንዲት ሴት ገበያ መሀል በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ የጨረሰችባትን ስድብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ እዚህ አልደግመውም።

እኔ ያን ጊዜ በከተማው ክሊኒክ ካርድ አውጪ ነበርሁ። ዘመኑ ከሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ወዲህ ነው። ክሊኒክ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ፣ ቁስል የሚያጥብ መርፌ የሚወጋ አንድ ድሬሰር፣ አንድ እኔ። ስለ ሙሚና የምነግራችሁ ግማሹን በዓይኔ ያየሁትን፣ ግማሹን ከሰፈር ሴቶች የሰማሁትን ነው። ከሴቶቹ የሰማሁት ይበልጥ ዝርዝር አለው።

ሕመሟ የታወቀው በጣቶቿ ነው። አንድ የታኅሣሥ ማለዳ ጀናዛ አጥባ ስትወጣ ጣቶቿ ቀለም ውስጥ የነከረቻቸው ይመስል ጠቁረው ታዩ። ከንፈሯም፣ የአፍንጫዋ ጫፍም እንደዚያው። ከሰዓት በኋላ ሽንቷ እንደ ቡና ጠቆረ። ይህን ለጣውንቷ ለአሻ ነገረቻት፤ አሻ ለጎረቤት ነገረች፤ ጎረቤት ለከሚሴ። ሙሚና ዓይኗ ቢጫ ሆኖ ሰነበተችና ተነሣች። ከዚያ ሌላ ሴት አጠበች፤ ምንም አልሆነችም። ደግሞ ሌላ አጠበች፤ ወደቀች።

የእኛ ከተማ ደግሞ አንድ ነገር ካየች ትርጉም ሳትሰጠው አታድርም። ሴቶቹ ተመካከሩና ፈረዱ። ሙሚናን የምታሳምማት ሟቿ ናት አሉ። የሰው ሐቅ ይዛ የሞተች ሴት ወንጀሏ በውሃው በኩል ወደ አጣቢዋ ጣት ይገባል፤ ደሟን ያጠቁረዋል። ንጹሕ ሆና የሞተችዋ ግን ምንም አታደርጋትም። እንዲህ ተባለና ከቀብር መልስ የሚጠየቀው ጥያቄ ተለወጠ። «ሟቿን ምን አገኛት?» ቀረና «ሙሚና እንዴት ናት?» ሆነ።

እኔ ይህን ችሎት ከመጀመሪያውም አልወደድሁትም። የቲም ልጆች ስታሳድግ የኖረች ሴት በጥር ሞተች፤ ሙሚና ተኛች፤ ሴትዮዋ ሌባ ተባለች። ወተት በውሃ ስትሸጥልን የኖረች ሌላ ሴት ደግሞ በሚያዝያ ሞተች። ሙሚና አጥባት በቀጥታ ወደ ገበያ ሄዳ ጨው ስትሰፍር ዋለች፤ ወተት ሻጯም ጻድቅ ሆነች። በቆላው ሙቀት የሞተ ሁሉ ወደ ጀነት፣ በብርድ ወራት የሞተ ሁሉ ወደ እሳት ይላክ ነበር። ወሩን ግን ልብ ያለው ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

ሙሚና ራሷ ሐሜቱን አመነችውም አላመነችውም፣ ከፋት። የሟች ቤተሰቦች ሊጠሯት ፈሩ። ማን የእናቱን ስም በዚያች ሴት ጣት ላይ ይጥላል? ሰዓዲያ የምትባል፣ ሃይማኖቷን የምታጠብቅ፣ ከሙሚና ጋር አብራ ውሃ ስታፈስ የኖረች ሴት እየተጠራች ማጠብ ጀመረች። ሙሚና ጨውዋን ይዛ ቤቷ ቀረች። «ሰው ሬሳ ይነፈጋል?» አለችኝ አንድ ቀን ካርድ ልታወጣ መጥታ። እንደ ቀልድ ነበር ያለችው፤ ፊቷ ላይ ግን ቀልድ አላየሁም።

ነገሩን ያፈነዳው የሀጂ ሙሀመድኑር እናት ሞት ነው። ሀጂ ሙሀመድኑር የእህል ነጋዴ ናቸው፤ የጭነት መኪና ነበራቸው፤ ሐሜት አይፈሩም ነበር። እናታቸው በታኅሣሥ ሲያርፉ «እናቴን ከሙሚና ሌላ ማንም አይነካትም» አሉ። ሙሚና በደስታ ሄደች። አጥባ ስትወጣ እጇ እስከ አንጓዋ ጠቁሮ ነበር። ያን ሳምንት ከተማው ስለ ሀጂ እናት ያላለው የለም፤ የመሬት ወሰን ገፉ እስከ መባል ተደረሰ።

የሙሚና ዓይን ገና ቢጫ ሳለ ሀጂ ከአልጋዋ አስነሥተው፣ መኪናቸው ላይ ጭነው ክሊኒክ አመጧት። ድሬሰራችን እንየው ይባላል፤ ጎጃሜ ነው፤ ዝምተኛ፣ ሥራው ላይ ቀስ የሚል ሰው። ከተማው ሀኪም ይለው ነበር።

«ሀኪም፣ ይችን ሴትዮ መርምርልኝ» አሉ ሀጂ።

«ምን ያማቸዋል?»

«እሷን ተዋት። የታመመው የእናቴ ስም ነው።»

ሙሚና ሀጂን ልጅ ሳሉ አፍንጫቸውን እየጠረገች ስላሳደገች አንተ ትላቸዋለች። «እኔ እናትህን ምን አልሁ? ወላሂ ያጠብኋት እንደ እናቴ ነው» አለች።

«አንቺማ ምንም አላልሽም። ጣትሽ ነው ያለው።»

እንየው ወባ ነው ብሎ አሰበ። አይፈረድበትም፤ ከጨፋ ሸለቆ ትኩሳትና ጥቁር ሽንት ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ወባ ነው። ከክንዷ ደም ቀዳ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ጨው ባለበት ብልቃጥ ውስጥ አደረገው። ከዚያ ጠብታ ወስዶ በመስታወት ቁራጭ ላይ ሊያስተኛው ሲሞክር ደሙ አልተኛለትም። ደቃቅ አሸዋ የተቀላቀለበት ይመስል ጓጎለ። መስታወቱ ቆሽሿል ብሎ እኔን ተቆጣ፤ መስታወት የማጥብ እኔ ነበርሁና። አጠብሁ። ደግሞ ሞከረ፤ ጓጎለ። ሦስተኛውን ራሱ አጠበ፤ ያው ሆነ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቀኝም።

በዚያው መሀል ጊንጥ የነደፈው ሰው በረንዳው ላይ እየጮኸ መጣ። እንየው ብልቃጡን የሸሚዙ ደረት ኪስ ውስጥ ከትቶ ወደ በሽተኛው ሮጠ። ጊንጡ ጊዜ ወሰደበት። ሲመለስ ብልቃጡን ከኪሱ አውጥቶ ወደ ብርሃን ያዘው። ደሙ ጉጉል የሚባል ነገር የለውም። እንደ ማንኛውም ሰው ደም ለስልሶ ይፈሳል።

ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ጠበቀ። ማለዳ ነበር፤ ክፍሉ ይቀዘቅዛል። ደሙ እንደገና ጓጎለ። በመዳፉ ጨብጦ ያዘው፤ እንደገና ለሰለሰ። ይህን ሲደጋግመው ሀጂ ሙሀመድኑር ትዕግሥታቸው አለቀ። «ሀኪም፣ እየተጫወትህ ነው?» አሉት።

እንየው ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ግን አወራ። ደም ስታዩት ውሃ ይመስላል እንጂ ውሃ አይደለም አለ። ውስጡ በዓይን የማይታዩ ቀይ የደም ሕዋሳት አሉ፤ ክብ ናቸው፤ መሀላቸው በጣት የተጫኑት ሊጥ ይመስል ጎድጎድ ያለ ነው። ለስላሳ ስለሆኑ በቀጭን ሥር ውስጥ እየታጠፉ ያልፋሉ። የዚህች ሴት ሕዋሳት ግን ሲበርዳቸው እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ጣት፣ ከንፈር፣ አፍንጫ ሰውነት ቶሎ የሚበርድበት ቦታ ነው፤ እዚያ ሥሩን ይዘጉታል፤ ጣቷ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ከዚያም ከተጣበቁት ብዙዎቹ ይፈርሳሉ፤ ቀለማቸው ከሽንቷ ጋር ይወጣል። ይህንን ሲማር አንድ ጊዜ በቃል ሰምቶት እንደነበር፣ በዓይኑ ግን አይቶት እንደማያውቅ ተናገረ።

«እና ሟቿ ምን አደረገች?» አሉ ሀጂ።

«ሟቿ ምንም አላደረገች። ውሃው ነው። ቀዝቃዛ ውሃ።»

ሀጂ ተነሥተው ግንባሩን ሳሙት። ከዚያ መፍትሔውን ራሳቸው አገኙት። «እንግዲያው የፈላ ውሃ ውስጥ እንክተታታ!»

እንየው አልሳቀም። ከደሙ ትንሽ ወደ ሌላ ብልቃጥ ቀንሶ፣ መርፌ በሚቀቅልበት ድስት ውስጥ ገና እንፋሎት በሚወጣው ውሃ ነከረው። ደሙ መጀመሪያ ጠራ፤ ሻይ መሰለ። ቀጥሎ ቡናማ ሆነና ረጋ። ሙቀት ሲበዛ ደግሞ ሕዋሳቱ ዳር ዳራቸው እየተቆነጠረ ወደ ትንንሽ ኳስ ይበታተናሉ፣ በመጨረሻም ይበስላሉ አለ። ይህኛው ሲሞቅም አይመለስም። ደም የሚወደው የሰው ገላ ሙቀት ያህል ነው፤ ከዚያ ወዲያም ወዲህም አይፈልግም። ሙሚና የበሰለውን ብልቃጥ አየችና «አዬ፣ የኔ ነው እኮ» አለች። ቅር ያላት ትመስል ነበር።

ሀጂ የእናታቸውን ስም በዚህ ብቻ አልተውትም። ሼሁን፣ ሰዓዲያን፣ ሐሜቱን ያራገቡትን ሴቶች ሁሉ በረንዳችን ላይ ሰበሰቡ። እንየው ከቦርከና ወንዝ የተቀዳ ውሃ በጣሳ አስመጥቶ ብልቃጡን ነከረው፤ ደሙ ጓጎለ። ከዚያ ለሰዓዲያ በመዳፏ አስያዛት። ስትከፍተው ለስልሶ አገኘችው። ሰዓዲያ ብልቃጡን የሚያቃጥል ነገር እንደያዘ ሰው ቶሎ መለሰችለት። ሴቶቹ አመኑ። ሲያምኑ ግን ትንሽ ያዘኑ መሰለኝ፤ እንዲያ ያለ ፍርድ ቤት ማጣት ቀላል አይደለም።

ሙሚና በደስታ ሌላ ሰው ሆነች። ያነጋገራትን ሁሉ «ውሃው ነው! ውሃው ነው!» ትል ነበር። እንየው ግን ቃሉን አጠበቀ። ደሟ በፊት ከነበረው በጣም አንሷል፤ ዳግመኛ ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ብትያያዝ ላትነሣ ትችላለች።

«ለራሴ ለሶላት ወዱእማ ውሃ አሞቃለሁ። ለጀናዛውም አሞቀዋለሁ» አለች።

እዚህ ላይ ሰዓዲያ ተነሣች። በእኛ አገር ሴቶች ዘንድ ጀናዛ ከእሳት በወረደ ውሃ አይታጠብም ነበር። ገና ወደ ጌታዋ የምትሄድ ነፍስ፣ ከቤቷ ሳትወጣ እሳት የነካው ነገር ገላዋ ላይ አይፈስም፤ ለሟች ክፉ መንገድ እንደ መመኘት ይቆጠራል። ሼሁ ይህ በኪታብ እንደሌለ፣ ካስፈለገ ለብ ያለ ውሃ እንደሚፈቀድ ተናገሩ። ሴቶቹ ራሳቸውን ነቅንቀው «እሺ ያ ሼህ» አሉ። እሺ ማለታቸው ሼሁን ማክበራቸው ነው እንጂ መስማማታቸው አልነበረም። ሼሁ ፈቀዱ፤ ሴቶቹ አልፈቀዱም፤ የሆነውም ሴቶቹ ያሉት ነው።

መውጫውን ያገኘችው ሙሚና ናት። ውሃ በእንስራ ሞልታ ግቢዋ ውስጥ ፀሐይ ላይ ታስቀምጣለች። የከሚሴ ፀሐይ የፈለገውን ነገር ያሞቃል። እሳት አልነካውም፤ ሴቶቹ የሚሉት የላቸውም። በዚህ ዓይነት ከቀትር በኋላ የሚታጠቡትን ሙሚና፣ በማለዳ የሚታጠቡትን ሰዓዲያ እያጠቡ ሁለት ዓመት ያህል ኖሩ። ጣቷ ጠቁሮ አላየንም። ጨው ተራ ስትሳደብም እንደ ድሮው ሆነች።

አሁን ስለ አሻ ልንገራችሁ፤ የሙሚና ነገር ያለ አሻ አያልቅም።

አሻና ሙሚና የአንድ ባል ሚስቶች ነበሩ። በወጣትነታቸው የነበራቸው ጠብ እስከ ሰንበቴ ይሰማ ነበር ይባላል። ባላቸው ሲሞት ሰው ሁሉ ግቢውን ተካፍለው ይለያያሉ ብሎ ጠበቀ። አልተለያዩም። በመሀል የነበረውን አጥር ለማገዶ አነደዱትና አንዷ የሌላዋን በር እያንኳኳች አረጁ። አሻ ቀጭን፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት። ሙሚና የሁለቱን ያህል ስለምትናገር አሻ ዝም ብትልም አይታወቅም።

አሻ ሳንባዋን ታመመች። እንየው ቤቷ ድረስ ሄዶ ሲያያት ቦርሳ ተሸክሜ አብሬው ነበርሁ። ጀርባዋን ሊያዳምጥ ቀሚሷን ከፍ ሲያደርግ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ የተጨማደደ የቃጠሎ ጠባሳ ታየ። ያረጀ ነው።

«ይህ ምንድን ነው እማማ?»

«ሻይ ተደፍቶብኝ ነው» አለች አሻ።

ጥግ ላይ የተቀመጠችው ሙሚና ተናገረች። «ሻይ አይደለም። የሚፈላ ውሃ ነው። ድስቱን ያነሣሁት እኔ ነኝ።»

«ምን አስለፈለፈሽ?» አለች አሻ፤ የተቆጣች ሆና ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አፉ ብለሽኛል እኮ፤ ይቅር ብለሽኛል።»

«አፉ ያልሁሽ እንድትናገሪው አይደለም!» ከዚያ ወደ እንየው ዞረች። ባላቸውም ቢሆን ሻይ ነው እንዳለችው ሞቷል። እናቷም። ከእነሱ ሌላ በከሚሴ ጀርባዋን ያየ ሰው የለም። «አንተ ሀኪም ነህ፤ አየህ፤ ይሁን። ሌላ ሰው አያየውም። ስሞት ሰዓዲያም ሌላም አትግባብኝ፤ ሙሚና ብቻዋን ታጥበኛለች። ሰው ካየው ማን አደረገው ይላል፤ የዚህን ከተማ ምላስ ታውቀዋለህ።» ትንፋሽ አጠራትና ቆየች። «ደግሞ ከእሳት የወረደ ውሃ እንዳታፈስብኝ።»

«የፈላ አይደለም፤ ለብ ያለ ነው» አላት እንየው።

«ለእኔ ከእሳት የወረደ ሁሉ የፈላ ነው፣ ልጄ።»

ሙሚና ቃል ሰጠች።  ክሊኒክ ስንደርስ እንየው «አሻ ቀን፣ ፀሐይ ወጥታ ብትሞት ይሻል ነበር» አለ፤ ከዚያ ባለው አፈረ።

አሻ የሞተችው በታኅሣሥ ነው፤ ጎህ ሲቀድ። ሴቶቹ ሲሰበሰቡ ሙሚና በሩ ላይ ቆማ ማንንም አላስገባችም። ሰዓዲያ አብሬሽ ላፍስ አለቻት፤ እንቢ አለች። ሰዓዲያ ተቀየመች፤ ጀናዛ በአንድ ሰው አይታጠብም፤ ምን የሚደበቅ ነገር አለ? ሙሚና ከበሩ ንቅንቅ አላለችም። እኔና እንየው ስንደርስ ጠቡ ገና ነበር።

እንየው ሙሚናን ወደ ጎን ወሰዳት። ፀሐይ እስክትሞቅ፣ እስከ ቀትር ብቻ ትጠብቅ። እንስራዎቹ ግቢው ውስጥ ቆመዋል፤ ውሃው ግን ሌሊቱን ያደረበት ብርድ አለበት። ሀጂ ሙሀመድኑርም መጡ፤ ወንዶቹን እኔ አስጠብቃለሁ፣ መቃብሩም አይሸሽም አሏት። ሰማዩ ግን ጠዋቱን ሙሉ አልተከፈተም። በዚያ ወር ያልተለመደ ደመና ሸለቆውን ሞልቶት ነበር። ቢሆንም ከቀትር በኋላ ሊከፈት ይችል ነበር፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ እሷም ታውቃለች።

«አሻ አትጠብቅም» አለች ሙሚና። «ዕድሜዋን ሙሉ እኔን ስትጠብቅ ነው የኖረችው። ተናድጄ እስክበርድ፣ አፍሬ እስክመጣ። ዛሬ ደግሞ በድን ሆና ውሃ እስኪሞቅልኝ ትጠብቀኝ? አላደርገውም።»

«እማማ ሙሚና፣ ምን እንደሚሆኑ ያውቃሉ» አለ እንየው።

«አውቃለሁ። አሳይተኸኛል እኮ።»

ገብታ በሩን ዘጋች። ከደጅ ሆነን ሰማን። «ዙሪልኝ፤ እንዲህ፤ ዛሬ ማንም አያይሽም፤ አብሽሪ። ቀዝቃዛ ነው፣ እንዳልሽው። ይኸው ነክቼዋለሁ፣ ቀዝቃዛ ነው።» ብዙ ቆየች። ሌላ ጊዜ ከምትቆየው በላይ ቆየች። እንየው አጥሩ ላይ ተደግፎ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ ነበር። እኔ ውስጤ ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደ ተናደድሁ ግን ዛሬም አላውቅም።

ስትወጣ እጆቿ እስከ ክርኗ ጠቁረዋል። አሻ ከፈኗ ውስጥ ተጠቅልላ፣ ተቋጥራ፣ ምንም ሳይታይባት ወንዶቹ ተሸከሟት። ሙሚና ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ ጋቢና ብርድ ልብስ አመጡላት፤ እንየው ለብ ያለ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ በብብቷ አደረገላት። የዘገየ ነበር። ማታውን ሽንቷ ጠቆረ፤ በማግስቱ ዓይኗ ብቻ ሳይሆን ገላዋ ሁሉ ቢጫ ሆነ።

ሀጂ መኪናቸውን አዘጋጁ፤ ደሴ ሆስፒታል እንውሰዳትና የኔን ደም ይስጧት አሉ። እንየው ከሀጂ ጣት ጠብታ ወስዶ ከእሷ ጋር አቀላቀለው። ቀዝቃዛው መስታወት ላይ የሀጂም ደም ጓጎለ፤ የኔም ተሞክሮ ጓጎለ። እዚያ የሚያሞቁበት ዘዴ ይኖራቸው ይሆናል አለ። ግን ደሴ ከፍታ ነው፤ በታኅሣሥ ውርጭ ነው፤ እዚያ ሳትደርስ መንገድ ላይ ታልቃለች። መዳኛው ያለው ብርዱ ባለበት ነበር። እንየው ይህን ሲናገር አለቀሰ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሲያለቅስ አላየሁትም።

ሙሚና እስከ መጨረሻው አልተማረረችም። ጨው የተበደሯትን ሁሉ አፉ ብያለሁ አለች። ሰዓዲያን አስጠርታ «ስላላስገባሁሽ አፉ በይኝ፤ ምክንያቱን ግን አልነግርሽም» አለቻት። ሰዓዲያ አፉ አለቻት። ሳምንት ሳይሞላ ሙሚና ሞተች።

የሞተችውም በማለዳ ነው። ወንዶቹ አጥሩ ሥር ተቀምጠን ነበር፤ ሀጂ አንገታቸውን ደፍተዋል። ሰዓዲያ የቁርቁራ ቅጠሏን ይዛ መጣች። ወደ ቤቱ ገባችና ወዲያው ወጣች። ከአጥሩ ጥግ ጭራሮ ሰበሰበች። ሦስት ጉልቻ ባለበት ቦታ ተንበርክካ እሳት አነደደች፤ ትልቁን ድስት ጣደች፤ ከእንስራው ውሃ ገለበጠችበት። ሴቶቹ መጀመሪያ ለለቀስተኛ ሻይ የምታፈላ መሰላቸው። ቆይታ እጅጌዋን ሰብስባ ክርኗን ውሃው ውስጥ ነከረች፣ እናት ልጇን ልታጥብ ስትል እንደምትለካው። ጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ጨመረችበትና ደግሞ ለካች።

ከአሮጊቶቹ አንዷ ቀረበቻት። «ሰዓዲያ፣ ከእሳት የወረደ ነው እኮ። ምን ነካሽ?»

«ብርድ አትችልም» አለች ሰዓዲያ፤ ድስቱን አንሥታ ገባች።